ውስጡን ለቄስ እንዳይሆንብሽ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አዲስ ባለ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ስነዳ ቆይቻለሁ። አባቴ በወጣትነቱ ቀይና ነጭ ሆንዳ ሲቢ 350 ነበረው። ጉልበቱን ስለሚያመው ዛሬ አይነዳም፤ እሷ ላይ ተቀምጦ የተነሳው ፎቶ ግን እስካሁን ቤታችን ተሰቅሏል። ሰሞኑን አንድ ሰው የ1971 ስሪት የሆነች ሲቢ 350 እንደሚሸጥ ሰማሁ። ሰማያዊ ናት። ‹ከላይ እስከ ታች የታደሰች ናት፣ ከአዲስ አትለይም› ይላል። ፎቶዋን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ታላቅ ወንድሜ ግን ‹50 ዓመት ያለፋት ብረት ገዝተሽ መንገድ ለመንገድ ልትገፊ ነው› ይለኛል። መካኒክነት አላውቅም፤ ፈትቼ የማውቀው ካንዴላ ብቻ ነው። ልግዛት? ለማየት ስሄድ ምኗን ልይ? ከገዛኋት በኋላስ ኑሮው ደስታ ነው ወይስ ጣጣ? ደግሞ እንደ አባቴ ቀይና ነጭ ላስቀባት?»
የአባቷ ልጅ

መልስ፦ የአባቷ ልጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት ለመልሱ አስፈልጎኝ ሳይሆን ስለ ፎቶው የጻፍሽው ደስ ስላለኝ ነው።

ነገሩን ላሳጥርልሽ። ግዢያት። ግን ፎቶዋን አይተሽ ሳይሆን ያደሳትን ሰው እጅ አይተሽ ግዢያት። ፋብሪካው ከ50 ዓመት በፊት የሠራው ሥራ ጥሩ ነው፤ እሱ አያሳስብሽ። ሊያሳስብሽ የሚገባው ባለፈው ዓመት ወይም ባለፈው ወር አንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ ከፍቶ የዘጋው ነው። በወጉ ከፍቶ በወጉ ከዘጋው ለብዙ ዓመት ታስደስትሻለች። አለበለዚያ የምትገዢው ቀለሙ ያማረ ጣጣ ነው።

መጀመሪያ ስለ ምርጫሽ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም ሳታውቂው ጥሩ መርጠሻል። ሆንዳ ሲቢ 350ን የሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1968 እስከ 1973 ነው። (አንቺ የጠቀስሽው 1971ም ሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ስሟ 350 ይበል እንጂ ትክክለኛ መጠኗ 325 ሲሲ ነው። ሁለት ሲሊንደር፣ አምስት ማርሽ አላት። በኤሌክትሪክም በእግርም ትነሳለች። ክብደቷ ከ170 ኪሎ በታች ስለሆነ አንቺ ከለመድሻት ብዙ አትርቅም። በዘመኗ በብዙ መቶ ሺዎች ተሽጣለች። ይህ ለአንቺ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ የተሸጠ ሞተር ሳይክል መለዋወጫው አይጠፋም። ጋስኬቱ፣ ኬብሉ፣ የፍሬን ሸራው፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የካርቡሬተሩ ጎማ ዛሬም ይሠራል። ብርቅ የሆነውን መርጦ የገዛ ሰው ግን አንዲት ትንሽ ፕላስቲክ ፍለጋ ወራት ይጠብቃል።

የጃፓኖቹ ሞተር ሳይክሎች ለምን እስከ ዛሬ ቆዩ ብለሽ ብትጠይቂኝ አንዲት ምሳሌ እሰጥሻለሁ። በዚያ ዘመን የነበሩት ብዙዎቹ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች የሞተራቸው ቤት የተከፈለው ከላይ ወደ ታች፣ ለቁመቱ ነው። መጋጠሚያው ዘይት ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ያንጠባጥባሉ። ሆንዳ ቤቱን አግድም ከፈለው። መጋጠሚያው ከዘይቱ በላይ ሆነ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን 50 ዓመት ሙሉ ከስሯ ጠብታ ሳታሳይ የምትቆም ሞተር ሳይክል የተገኘችው እንዲህ ባሉ ቀላል ነገሮች ነው።

ሰው «የድሮ ጃፓን» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ትልልቆቹ ነው። ሆንዳ ሲቢ 750 በ1969 አራት ሲሊንደሯንና የፊት ዲስክ ፍሬኗን ይዛ ስትመጣ ዓለምን ጉድ አሰኝታለች። ካዋሳኪ ዜድ 1 በ1972 በ903 ሲሲ ተከተለቻት። ድንቅ ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ። ግን ሁለቱም ከ200 ኪሎ በላይ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አራት ካርቡሬተር አላቸው፤ አራቱን እኩል ማስተንፈስ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ለመጀመሪያሽ ይቆዩልሽ። አንድ ሰው ደግሞ ባለ ሦስት ሲሊንደሯን ካዋሳኪ ኤች 1 ሊያሻሽጥሽ ቢሞክር አመስግነሽ እለፊ። 500 ሲሲ ናት፤ 60 የፈረስ ጉልበት አላት፤ አካሏና ፍሬኗ ግን ጉልበቷን አይችሉትም። የአንቺዋ 36 የፈረስ ጉልበት ይዛ በልኳ የምትሄድ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «የታደሰ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። አንዱ ሞተሩን አውርዶ፣ ፒስተኑን አውጥቶ፣ ሲሊንደሩን ለክቶ፣ ኩሽኔታውን ቀይሮ «አደስኩ» ይላል። ሌላው ቀለም ረጭቶ፣ ወንበሯን አዲስ ሸራ አልብሶ፣ ማርሚታውን ወልውሎ «አደስኩ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ፎቶ ላይ ግን ሁለቱ አይለዩም።

ለእኔ የደረሰችኝ የሁለተኛው ሰው ሥራ ናት። ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቀለሟ መስታወት ነበር። ሻጩ ቀድሞ አስነስቶ አሙቋት ጠበቀኝ። ቁልፏን ነካ ሳደርገው ተነሳች። በቃ፣ ተሸወድኩ። ሁለት ሳምንት አሪፍ ነበረች። በሦስተኛው ሳምንት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጉልበት እያጣች መጣች፤ ተንተባተበች፤ ቆመች። ትንሽ አርፌ ሳስነሳት ትነሳለች። አምስት ኪሎ ሜትር ሄዳ እንደገና ትቆማለች። ካርቡሬተሯ ሲፈታ ከስሩ ቤንዚን የሚጠራቀምባትን ትንሽ ጎድጓዳ አየሁ። የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ነገር ተኝቶባታል። ስስ፣ ቢጫ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ። የመጣው ከታንኩ ነው። ያደሳት ሰው የታንኩን ዝገት አላስወገደም። ዝገቱ ላይ ማሸጊያ ፈሳሽ አፍስሶበት ከላይ ቀለም ቀባው። ዝገት ላይ የፈሰሰ ማሸጊያ ቆይቶ ይላጣል። የተላጠው ደግሞ ከቤንዚኑ ጋር ወርዶ መንገዱን ይዘጋል። ታንኩን እስከ ብረቱ አጽድቶ ለመመለስ አንድ ወር ፈጀብኝ። ውስጡን ለቄስ የሚባለው ይሄ ነው። አንቺ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይገጥምሽ ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ለሻጩ ደውይና አንድ ነገር ለምኚው፦ «እኔ እስክመጣ አታስነሳት።» ስትደርሺ ከሰላምታው ቀጥሎ እጅሽን ቀስ ብለሽ ወደ ሞተሩ አስጠጊ። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሙቅ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቂ፤ ምክንያቱ ካላረካሽ ሌላ ቀን ተመለሺ። ቀዝቃዛ ሞተር ጉዱን አይደብቅም። ቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሳ አየሩን የሚያሳንሰው) ተዘግቶ በአንድ ሁለት ሙከራ ከተነሳች፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ቾኩ ተከፍቶ ሳትጠፋ ረግታ ከቆመች ካርቡሬተሮቿ ጤነኛ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነጭ እንፋሎት ብታይ አትደንግጪ፤ እርጥበት ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን የሚቃጠል ዘይት ነው። ሞቃም ሰማያዊውን ካላቆመች የፒስተን ቀለበቶቹ ወይም የቫልቭ ጎማዎቹ አልቀዋል። እንግዲህ «ሞተሩ ታድሷል» የተባለው ወሬ ነበር ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ቤንዚን ሲበዛ የሚመጣ ነው፤ እሱ በማስተካከል ይድናል።

ቀጥሎ ቁጢጥ በዪና የሞተሩን የጎን ክዳኖች የያዙትን ብሎኖች እዪ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው እነሱን ነው። ባለ መስቀል ብሎኖች ናቸው። ላይ ላዩን ሲታዩ ማንኛውም ባለ መስቀል ካቻቪቴ የሚፈታቸው ይመስላሉ። አይደለም። ጃፓኖቹ የራሳቸው መለኪያ አላቸው፤ ጂስ ይባላል። የመስቀሉ ቅርጽ ፊሊፕስ ከሚባለው ከተለመደው በጥቂቱ ይለያል። በፊሊፕስ ካቻቪቴ የጠበቀ የጃፓን ብሎን ልፍታ ካልሽ ጫፉ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ሲወጣ መስቀሉን ይፍቀዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገመ ብሎኑ ጉድጓድ ይሆናል። እና ምን ታያለሽ? የብሎኖቹ መስቀል ስል ከሆነ ወይም ሁሉም በአዲስ ብሎን ተቀይረው ከሆነ፣ ይህን ሞተር የከፈተው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። መስቀላቸው ተበልቶ፣ ጠርዛቸው በመዶሻና በመሮ ተቀጥቅጦ፣ ከላዩ ብርማ ቀለም ከተረጨበት ግን ተነሺ። ብሎን ላይ ያልታገሰ እጅ ውስጥ ገብቶ አይታገስም።

ሌላው ፈተና አንድ ጥያቄ ነው። «የዘይት ማጣሪያዋ መጨረሻ የጸዳው መቼ ነው?» በዪው። ሲቢ 350 ተፈትቶ የሚጣል የወረቀት ማጣሪያ የላትም። በቀኝ በኩል ክዳኑ ውስጥ ከሞተሩ ጋር የምትሽከረከር ትንሽ ጽዋ አለች። ዘይቱ በውስጧ ሲያልፍ ሽክርክሪቱ ከባዱን ቆሻሻ ወደ ዳር ይገፋውና ግድግዳዋ ላይ ይጋገራል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ቆሻሻው አብሮ አይወጣም። ሰው ከፍቶ መጥረግ አለበት። ለዓመታት ካልተከፈተች ግራጫ ጭቃ ትሞላለች። ይህ በሌላ ሞተር ሳይክል ላይ ያን ያህል ላያስፈራ ይችላል። በዚህች ላይ ግን ያስፈራል። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ኩሽኔታ የለውም። አሉሚኒየም ቤቱ ውስጥ በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው የሚዞረው። ዘይቱ ሲቆሽሽ ወይም ሲጎድል ካምሻፍቱ ቤቱን ይበላዋል። ሻጩ ስለ ጽዋዋ ዓይኑ በርቶ ካወራልሽ ደስ ይበልሽ። «የቱ ማጣሪያ?» ካለሽ ወይም «አዲስ ማጣሪያ ገጥሜላታለሁ» ካለሽ፣ ሞተሩን የከፈተው እሱ አይደለም። የከፈተውን ሰው እንዲያገናኝሽ ጠይቂው።

ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ ያልቃሉ። የታንኩን ክዳን ክፈቺና የስልክሽን መብራት አብሪበት፤ የታደሰ ታንክ ውስጡ ጠርቶ የሚታይ ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ ወፍራም ሽፋን ካየሽ ሲቀባ የተነሳውን ፎቶ ጠይቂ። ጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አሃዝ ታገኛለሽ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ እርጥብ መንገድ ላይ አይዝም፤ ስድስት ሰባት ዓመት ካለፈው የመጀመሪያ ወጪሽ እሱ ይሁን። መሪው ከሚያያዝበት አንገት ላይ የአካሏ ቁጥር፣ ሞተሩ ላይ ደግሞ የሞተሩ ቁጥር ተመትቷል። የሞተሩ በሲቢ 350 ኢ ይጀምራል። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ባይሆኑ አትጠራጠሪ፤ ሆንዳ ከፋብሪካው ሲያወጣትም አንድ አልነበሩም። ወረቀቷ ላይ ካለው ጋር መግጠማቸውን እዪ። የቁጥሩ ቦታ ተሞርዶ ከሆነ ግን እንኳን ልትገዢ አጠገቧም አትቆዪ።

በመካከለኛ መቆሚያዋ አቁሚያትና አንድ ሰው ኋላዋን ተጭኖ የፊት ጎማውን ከመሬት ያንሳልሽ። መሪውን በሁለት ጣት ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርገሽ አዙሪው። እንደ ቅቤ መንሸራተት አለበት። ልክ መሀል ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የአንገቱ ኩሽኔታ ተጎድቷል። ዋጋው ትልቅ አይደለም፤ ግን «ከላይ እስከ ታች» ታድሳ ቢሆን ኖሮ ይሄ አይቀርም ነበር። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው የሻጩን ቃል የሚመዝንልሽ።

መካኒክ ይዘሽ ሂጂ። ግን የትኛውም መካኒክ አይደለም። ብዙ የዛሬ ሞተር ሳይክል በኮምፒውተር ነው የሚመረመረው፤ ብዙ ጎበዝ ወጣት መካኒኮች ካርቡሬተር ከፍተው አያውቁም። አንቺ የምትፈልጊው በጆሮው የሚሠራውን ነው። ከተቻለ የሁለቱን ሲሊንደር ግፊት ይለካልሽ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ከሌላው በጣም ካነሰ አንዱ ሲሊንደር ታሟል። ሻጩ የሥራ ፎቶና የመለዋወጫ ደረሰኝ ካለው ደግሞ ተቀምጠሽ አንድ በአንድ እዪለት። ደክሞ ያደሰ ሰው ማሳየት ይወዳል። እንዲያውም ማቆሚያ የለውም።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ አትቆጪው። አልተሳሳተም፤ ይህች ሞተር ሳይክል አንድ ቀን መንገድ ላይ ታቆምሻለች። ሥራ የምትሄጂባት ብቸኛ ተሽከርካሪሽ ከሆነች የቆመች ቀን ትጠያት ይሆናል። ስለዚህ 150ዋን አትሽጫት። ለሥራ እሷ፣ ለደስታ ሆንዳዋ። ለመግዣ ካዘጋጀሽው ገንዘብም ሩብ ያህሉን ለይተሽ አስቀምጪ። ምንም ያህል ብትታደስ የመጀመሪያው ዓመት የራሱን ይጠይቃል። ኬብል ይበጠሳል፤ የሆነ ጎማ ይሰነጠቃል፤ የቆየ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ይላላል። ለይተሽ ካስቀመጥሽ አትበሳጪም። ካላስቀመጥሽ ግን ወንድምሽ እራት ላይ ሲያነሳብሽ መልስ ታጫለሽ።

ደስታው ግን እውነት ነው። የመጀመሪያዋን ጠዋት ላሳይሽ። ከታንኩ ስር ያለችውን የቤንዚን መክፈቻ ታዞሪያለሽ። ቾኩን ትዘጊያለሽ። ነዳጅ መስጫውን ሳትነኪ ታስነሻለሽ። መጀመሪያ በአንድ ሲሊንደር ብቻ ትጎተታለች፤ ሁለተኛው ትንሽ ዘግይቶ ይቀላቀላል። ከዚያ ድምፁ ይሞላል። ሁለቱ ፒስተኖች ተቃራኒ ናቸው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ ፍንዳታቸውም በእኩል ርቀት አይመጣም። የዚያች ሞተር ሳይክል ድምፅ ትንሽ ያነክሳል። አባትሽ ዛሬም ዓይኑን ጨፍኖ ቢሰማው የሚለየው ያንን ይመስለኛል። ቾኩን በጥቂት በጥቂቱ እየከፈትሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ አጠገቧ ትቆሚያለሽ። አትቸኩዪ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ጉልበት መጠየቅ ያንን ኩሽኔታ የሌለው ካምሻፍት ይጎዳዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ስትነጃት ከለመድሽው የሚለዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ፍሬን ነው። የ1971ዋ የፊት ፍሬን ዲስክ ሳይሆን ከበሮ ነው። ደህና ይይዛል፤ ግን ደጋግመሽ አጥብቀሽ ስትይዢው ይሞቅና ይደክማል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከፊትሽ ካለው መኪና የለመድሽውን ርቀት እጥፍ አድርጊው። ሁለተኛው የጎን መቆሚያዋ ነው። ከዛሬዎቹ ብዙዎቹ መቆሚያው ሳይነሳ ማርሽ ስታስገቢ ይጠፋሉ። እሷ አትጠፋም፤ መቆሚያዋን እንደዘረጋች ትሄድልሻለች። ከዚያ የመጀመሪያው ግራ መታጠፊያ ላይ መቆሚያው መሬት ይነካል። «መቆሚያ!» ብለሽ ጮክ ብለሽ መናገር ልመጂ። እኔ እስከ ዛሬ እላለሁ።

የቤንዚን መለኪያም የላትም። ታንኳ 12 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሲያልቅ ሞተሩ መንተባተብ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ግራ እጅሽን አውርደሽ ያችን መክፈቻ ወደ መጠባበቂያው ታዞሪያለሽ፤ ትንሽ ቆይታ እንደገና ትነሳሳለች። ቆመሽ ሳለሽ ሳታዪ ማዞሩን ሃያ ጊዜ ተለማመጂ። መንገድ ላይ ስትሆኚ ዓይንሽ ወደ ታች መሄድ የለበትም።

ጉልበቷን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ። 150ዋን በዝቅተኛ ዙር መጎተት ለምደሽ ይሆናል። ሲቢ 350 ሙሉ ጉልበቷን የምትሰጠው ከ10,000 ዙር በላይ ነው። ከሞቀች በኋላ 6,000 እና 7,000 ዙር ላይ ስታቆዪያት እየተሰቃየች እንዳይመስልሽ። እሱ የተሠራችበት ነው። በከፍተኛ ማርሽ በዝቅተኛ ዙር ዳገት ማስወጣት ነው የሚያሰቃያት። በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ገጠር መንገድ ላይ ስትሄድ፣ ነፋሱ ደረትሽ ላይ፣ የዙር መለኪያው መርፌ ከፊትሽ እየተንቀጠቀጠ፣ ምንም የሚከልልሽ ነገር ሳይኖር... ፈታ የሚያደርግ ነገር ነው። በ90 የምታገኚውን ደስታ ዘመናዊ ትልቅ ሞተር ሳይክል በ160 አይሰጥሽም። ደግሞ በሕይወት ትመለሻለሽ። ጥሩ ሄልሜት ግን ከሷ ጋር አብሮ የሚገዛ ነው፤ የድሮ መልክ አላቸው ተብለው የሚሸጡትን ስስ ቆቦች አትይዢ።

መካኒክነት አላውቅም ብለሻል። ካንዴላ የፈታች ሴት ግማሹን ተሻግራለች። መጀመሪያ የጂስ ካቻቪቴዎች ግዢ፤ ከሌላው መሣሪያ ሁሉ በፊት። ከዚያ ዘይት መቀየር ተማሪ። እኔ በየ1,500 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። ዕቃው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ምልክት ያለበትን፣ ውፍረቱ 10 ደብሊው 40 የሆነውን ግዢ። የዚህች ፍሪሲዮን የሚሠራው በዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው፤ ለመኪና ተብሎ ማንሸራተቻ የበዛበት ዘይት ካደረግሽበት ፍሪሲዮኑ መያዝ ይተዋል። ቀጥሎ የቫልቭ ክፍተት አለ፦ ለማስገቢያው 0.05 ሚሊ ሜትር፣ ለማስወጫው 0.10 ሚሊ ሜትር፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ነው የሚለካው። የመጀመሪያውን ጊዜ መካኒክሽ ሲሠራ አጠገቡ ቁሚ። ያችን ስስ መለኪያ ቅጠል በጣትሽ ያዢና በክፍተቱ ውስጥ ስቢያት። ያዝ አድርጋ የምትለቅ ከሆነ ልክ ነው። ይህን በቃል ማስረዳት ከባድ ነው፤ ጣትሽ አንዴ ካወቀው ግን አይረሳውም።

ከአንድ ወር በላይ የማትነጃት ከሆነ ከካርቡሬተሮቹ ውስጥ ያለውን ቤንዚን አፍስሺ። ቆሞ የከረመ ቤንዚን ይወፍርና ከመርፌ የቀጠኑትን ቀዳዳዎች ይደፍናል። «የድሮ ሞተር አስቸጋሪ ነው» የሚባለው ወሬ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ታንኩን ግን ሙሉ አድርገሽ ተዪው፤ ባዶ ቦታ ላይ ነው ዝገት የሚጀምረው።

ቀለሙን አሁን አትንኪው። ሰማያዊም ከፋብሪካው ከወጣችባቸው ቀለሞች አንዱ ነው። አንድ ዓመት ነጃትና ምን እንደሚያስፈልጋት እዪ፤ የቀለሙ ገንዘብ ለጎማ ወይም ለፍሬን ሊፈለግ ይችላል። ከዓመት በኋላ ልብሽ ካልተመለሰ ታንኩንና ሁለቱን የጎን ክዳኖች ቀይና ነጭ አስቀቢ። በአንድ ቀን የሚፈቱ ናቸው።

አባትሽን ግን ዓመት አታስጠብቂው። ያመጣሻት ቀን ውጭ ጥሪው። ጉልበቱ ስለሚያመው በእግር አያስነሳት፤ በኤሌክትሪክ ያስነሳት። ቾኩንም እሱ ይያዘው። የት እንዳለ ማሳየት አያስፈልግሽም።